እንጀራው ከወንበሩ ሲሰፋ

ከወሎ ቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ወጥቶ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ወደ ሰማይ የሚወጣ ይመስለዋል። ዘመድ አዝማዱም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዓይኑን እየጠራረገ፣ ወደ ላይ ይሸኘዋል። ሳንባው ግን ቁልቁል እየወረደ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥተው ሲበሩ ውጭ ያለው አየር ሰው ስለማያኖር ውስጡ በግፊት ይሞላል። የሚሞላው ግን የባሕር ዳርቻ አየር እስኪሆን ድረስ አይደለም። የአውሮፕላኑ አካል እንዳይጎዳ ሲባል ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን አየር ያህል ሲሆን ይቆማል። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ተሳፋሪውን 1,830 ሜትር አካባቢ ላይ ያስቀምጠዋል። የቦሌ ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። መካነ ሰላም 2,600 ገደማ ናት። በወሎ ካርታ ሲተረጎም አዲሱ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ነው፤ አሮጌው ደሴ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። የቦረና ሰው ይህን ያህል ብር ከፍሎ፣ ጫማውን አውልቆ ተፈትሾ፣ ቀበቶ ታጥቆ የሚቀመጠው ኮምቦልቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ አየር መንገዶች «የሬስቶራንት ቁርስ ከደመና በላይ» ብለው ሲያስተዋውቁ ሳይ እስቃለሁ። ከደመና በላይ ቁርስ መብላት እኛ ዘንድ የዘወትር ሥራ ነው። ከደሴ ወደ አቀስታ ስትወጡ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ክረምት ከሆነ ደመናው ከእግራችሁ ሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በአውሮፕላን ውስጥ የካቢኑ ከፍታ 3,050 ሜትር ግድም ሲያልፍ አብራሪዎቹ ፊት የማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኻል። በዚያው ከፍታ በአቀስታ ዙሪያ የለጋምቦ ገበሬ ገብስ ያጭዳል፣ በሶውን በጥብጦ ይጠጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ይጨቃጨቃል። ደወል የሚያሰማው የለም።

ሻዩም ቢሆን ከፍታውን ያውቀዋል። በመካነ ሰላም ውኃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ላይ ስለሆነ የእነሱ ውኃ ከእኛ ትንሽ ይግላል። ስለዚህ «የአውሮፕላን ሻይ አይጥምም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ አንተ ያደግህበት ሻይ ከዚያም ባነሰ ሙቀት የፈላ ነው እለዋለሁ። አይዋጥለትም። የእናቱን ጀበና የነካሁበት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ቁርሱ ልምጣ። የመካነ ሰላም ቁርስ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አራት አምስት ጠረጴዛ፣ በላያቸው የፕላስቲክ ልብስ፣ በሩ ላይ ብርድ ለመከላከል የተንጠለጠለ መጋረጃ፣ ከጓዳ የሚንጫጫ መጥበሻ። የምግብ ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የሚያነበው ግን እንግዳ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው አያነብም፤ ይደራደራል። «እንቁላል ፍርፍር፤ ቃሪያው በዛ፣ ቲማቲሙ አነስ፣ ዘይቱ እንዳይበዛ፤ ዳቦው ትኩስ ከሆነ ሁለት፣ ካልሆነ አንድ።» አስተናጋጇ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምታ ወደ ጓዳው ዞር ትልና «አንድ እንቁላል!» ብላ ትጮኻለች። የተቀረው ማሳሰቢያ አየር ላይ ይቀራል። እንቁላሉ እንደ ሁልጊዜው ሆኖ ይመጣል፤ ደንበኛውም እንደ ሁልጊዜው «ቃሪያ ብዬ ነበር'ኮ እታለም» ይላል፤ እሷም «እሺ ይመጣል» ትላለች፤ ቃሪያውም በቁሙ፣ ሳይከተፍ፣ በሳህን ይመጣል። በዚህ ሁሉ ማንም አልተቀየመም።

ፉል አለ፤ ስፔሻል ከሆነ እንቁላል ይደፋበታል። ጨጨብሳ አለ፤ በበርበሬና በቅቤ ወይም በማር። የገብስ ቅንጬ አለ። ፍርፍሩ ከነዓይነቱ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ደግሞ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ጿሚው እስከ ቀትር አይመጣም፤ ከመጣም ስልስ ነው፣ የጾም ፍርፍር ነው። እስላሙ ጓደኛው ያን ቀን ጥብስ ፍርፍር ቢያዝዝ፣ ክርስቲያኑ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሻዩን ይጠጣለታል። ወሎ ነዋ።

የሬስቶራንት ቁርስ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ክርክሩ፣ ጩኸቱ፣ ከአንድ ትሪ የሚላከው እጅ፣ በበሩ ለሚያልፍ ሁሉ የሚወረወረው «እንብላ!»። አየር መንገዶቹ ወደ ሰማይ ሊያወጡ የሚሞክሩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሳህኑን ነው።

ሙከራቸው መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1919 ሃንድሊ ፔጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከለንደን ወደ ፓሪስ ለሚበሩ መንገደኞች በሳጥን የታሸገ ቀዝቃዛ ምሳ በ3 ሺልንግ መሸጥ ጀመረ። በሰማይ ላይ ለመንገደኛ የተሸጠ የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካው አየር መንገድ ዩናይትድ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ላይ ወጥ ቤት ከፍቶ ትኩስ ነገር ማቅረብ ያዘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ፉክክር ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የብር ማንኪያ፣ ሥጋ የሚቆርጥ አስተናጋጅ። ቀጥሎ ደግሞ ፉክክሩ ተገለበጠና ማን ይበልጥ ይቀንሳል ሆነ። የአሜሪካን ኤርላይንስ አለቃ የነበረው ሮበርት ክራንዳል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከየሰላጣው ላይ አንድ አንድ የወይራ ፍሬ አስነስቶ በዓመት 40,000 ዶላር ማትረፉ እስከ ዛሬ በንግድ ትምህርት ቤት ይተረካል። ይህን ጥበብ የእኛ ቁርስ ቤት ባለቤት ልሞክረው ብትል፣ ከፉሉ ላይ አንዲት ቃሪያ ባነሳች ማግስት ሽማግሌ ይላክባት ነበር።

የእኛ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖችን ነው። ወታደርና ጭነት ያመላለሱ ነበሩና ወንበራቸው በግድግዳው ልክ ፊት ለፊት የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። ተሳፋሪ ከተሳፋሪ ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሀል ላይ ጭነቱ ይቆለላል። እስቲ አስቡት፤ ይህ አውሮፕላን አይደለም፣ የሠርግ ዳስ ነው። እንደዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ብቻውን የሚበላ ሐበሻ አይኖርም፤ አገልግሉ ከተከፈተ ለሁሉ ነው። ኋላ ወንበሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረና የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየን መብላት ጀመርን። የበረራ ምግብ ታሪክ ተብሎ ሲጻፍ ይህ ሲነሳ አላየሁም፤ እኔ ግን ትልቁ ለውጥ እሱ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ መካነ ሰላምም በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ላይ የራሷ መለያ አላት፤ ኤም ኬ ኤስ ይላል። ሻንጣ ላይ ቢለጠፍ ያምራል። አሁን መደበኛ በረራ የለም፤ የሚበር ሰው ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም በኩል ባሕር ዳር ይደርሳል። መናኸሪያችን በበኩሉ የሦስት ፊደል መለያ የለውም፤ መኪናው ግን ይመጣል። ቢያረፍድም ይመጣል።

ስለ ኦምሌቱ ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። አውሮፕላን ላይ የሚቀርብ ኦምሌት የሚጠበሰው በአየር ላይ አይደለም። እሳት የለም፣ መጥበሻ የለም። ከበረራው ከብዙ ሰዓት በፊት መሬት ላይ በትልቅ ወጥ ቤት ይጠበሳል፤ ወዲያው ከ5 ዲግሪ በታች እስኪደርስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ በፎይል ተሸፍኖ በጋሪ ይጫናል፤ ሰማይ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል በሞቃት አየር ምድጃ ይሞቃል። እንቁላል ደግሞ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ከመጥበሻው ወደ አፍ እስኪደርስ ነው የሚታገሠው። ሁለተኛ ሲሞቅ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ብዙ ሙቀት ላይ ከቆየም በአስኳሉ ያለው ብረትና በነጩ ያለው ድኝ ተገናኝተው አረንጓዴ ያደርጉታል። ከምግብ ሁሉ ለዚህ መንገድ የማይሆነውን መርጦ የዓለም የበረራ ቁርስ ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ።

አንዳንዶቹ ሬስቶራንቱን በሕይወት ለማውጣት ብዙ ርቀት ሄደዋል። ኢትሃድ ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎቹ ሼፍ አሳፈረ፤ ተርኪሽም የራሱን በራሪ ሼፎች አሰማራ። የጃፓን አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ከኬንታኪ ዶሮ ቤት ጋር ተስማምቶ የተጠበሰ ዶሮ ረጅም በረራዎቹ ላይ አቀረበ። ሰው ወደደው። እኔም እረዳቸዋለሁ፤ መንገደኛ የሚናፍቀው አዲስ ጣዕም አይደለም፤ ትናንት የበላውን ነው።

ጣዕሙስ ለምን ይጠፋል? የጀርመኑን አየር መንገድ ሉፍታንዛን አንድ ነገር ገረመው፤ መሬት ላይ ዞር ብሎ የማያየውን የቲማቲም ጭማቂ ሰው አየር ላይ ሲወጣ እንደ ቢራ ይጠጣዋል። ይህን ለማጣራት ጀርመን አገር የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፕላን ቁራጭ አካል በግፊት ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ አየሩን አሳስቶና አድርቆ፣ ድምፁንና ንዝረቱን ጨምሮ ሰዎችን አበላ። ጨው ከ20 እስከ 30 በመቶ ደከመ፣ ስኳር ከ15 እስከ 20 በመቶ። አፍንጫ በደረቅ አየር ሲደርቅ ምላስ ግማሽ ሥራዋን ታጣለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአውሮፕላን ሞተር ያህል ጩኸት፣ 85 ዴሲቤል ግድም፣ ጣፋጭነትን ሲያዳክም የሥጋና የቲማቲም ዓይነቱን ጥልቅ ጣዕም ግን ከፍ እንደሚያደርግ አገኙ። ቲማቲሙ የዳነው በዚህ ነው። በጀርመኖቹ ሙከራ ሄልም ያልደከመ ሆኖ ተገኘ። ሄል ደግሞ የኮረሪማችን የአክስት ልጅ ነው።

ጎበዝ፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ኮረሪማ በቅቤ፣ ኮረሪማ በበርበሬ፣ ኮረሪማ በሚጥሚጣ። ቲማቲሙ በስልስ። ይህ ሁሉ ምርምር ተሠርቶ፣ ይህ ሁሉ ዶላር ፈስሶ የተደረሰበት ቦታ የአቀስታ ቁርስ ቤት ጓዳ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርፍር አለ። የአውሮፕላን ምግብ በደሉ የትናንት መሆኑ ነው ይባላል፤ ፍርፍር ግን ተፈጥሮው የትናንት ነው። ትኩስ እንጀራ የሚፈረፍር ባለሙያ አላየሁም። አድሮ፣ ትንሽ ደርቆ፣ ስልስ ሲጠጣ ነው ወግ የሚደርሰው። ሁለተኛ ቢሞቅ አይቀየምም፤ እንዲያውም የመጥበሻው ሥር የተቃጠለው ለማን ይድረስ ተብሎ ጠብ ይነሳበታል። ከዚያ ወዲያ ድርቆሽ አለ፤ እንጀራ ደርቆ ወር የሚቀመጥ፣ ዘማች የተሸከመው፣ ነጋዴ በአህያ የጫነው፣ ዛሬም ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሪያድ በሚሄድ ሻንጣ ሁሉ ውስጥ የማይጠፋ። አያቶቻችን የበረራ ምግብ ሠርተው ጨርሰው የቀራቸው አውሮፕላኑ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለምን ፍርፍር በየወንበሩ አይታደልም ብሎ የሚጠይቅ አለ። እኔም ጠይቄ አስቤበታለሁ። መልሱ ስፋት ነው። አንድ እንጀራ ዳር እስከ ዳር ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የኢኮኖሚ ክፍል ወንበር ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ፊታችን የሚዘረጋው ጠረጴዛማ ከዚያም ያንሳል። እንጀራው ተዘርግቶ ቢቀርብ የጎረቤት ድንበር ይገፋል፤ ድንበር የተገፋ ወሎዬ ደግሞ ዝም አይልም። እንጀራ ይጠቀለላል፣ ይቆራረጣል፤ ይህ ያስማማናል። እጅ ማስታጠቡስ? በጠባቡ መተላለፊያ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ሦስት መቶ ሰው ሲያስታጥብ ውለን ዋሽንግተን እንደርሳለን። የክርን ጉዳይ አለ። ጉርሻ ለማጉረስ ክርን ይነሳል፤ ክርኑ ሲነሳ መሀል የተቀመጠው ፈረንጅ አገጩ ላይ ያርፋል። ሦስተኛውን ጉርሻ ማን ያስረዳዋል?

አየር መንገዳችን ይህን ተገንዝቦ ይመስለኛል፣ ክላውድ ናይን በሚለው የቢዝነስ ክፍሉ እንጀራ ከነወጡ ያቀርባል። እዚያ ወንበሩ ይሰፋል፤ ክርን ይነሳል። እንጀራ ዱሮ የሁሉ ነበር፤ አሁን መጋረጃ ተከልሎለት ከፊት ተቀመጠ። አልቀናሁም አልልም።

የጾሙ ነገር ለብቻው ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። የመካነ ሰላም ቁርስ ቤቶች በእንዲህ ያለ ወቅት ጠዋት ጠዋት ጭር ይላሉ፤ አንዱ ወገን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው ጀምበር እስክትጠልቅ ይቆያል፤ ባለቤቷም ደጃፏን ጠርጋ ፀሐይ ትሞቃለች። አውሮፕላን ግን ጾም አይገባውም። በዚያ ሰሞን ወደ ዋሽንግተን በሚበር አውሮፕላን እኔ በተቀመጥሁበት ረድፍ አንዲት የቦረና እናት ነበሩ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ አንድ ሀጂ፣ የደሴ ሰው። ሌሊቱን ሙሉ ስለ በግ ዋጋ ሲያወጉ አድረዋል። መብራቱ በራና ጋሪው መጣ።

«እማማ፣ ኦምሌት ይሁንልዎ ወይስ ፓንኬክ?» አለች አስተናጋጇ።

«ጾም ነው'ኮ የኔ ልጅ።»

«የጾምም አለ፤ ላምጣልዎት?»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ልጅቷ አሰብ አደረገች። «በየት አገር እማማ?»

«በቦረናዋ!»

ቆጠረች። «በኢትዮጵያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል።»

«እንግዲያ ዘጠኝ ሲሆን ጥሪኝ።»

«ዘጠኝ ሲሆን እማማ እኛ ወርደናል።»

«ደግ። ወርደን እንበላለን፤ ምን ያስቸኩላል?»

ሀጂ በዚህ መሀል የመስኮቱን መከለያ ከፍ አድርገው ውጭውን ያያሉ። ወደ ምዕራብ እየበረርን ስለነበር ሌሊቱ አብሮን ተጉዟል፤ አገር ቤት ቀትር ሲያልፍ እዚህ ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። «እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ባልጾምም ተፈቅዶልኛል» አሉ ረጋ ብለው፤ «ግን ምን ያስፈታኛል፣ አልነጋም'ኮ! ሱሑር ነው።» ኦምሌቱንም ተቀበሉ። በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንዷ ቀትር ያለፈ፣ ለሌላው ያልነጋ። አስተናጋጇ ሁለቱንም እያየች ጋሪውን ይዛ ቆመች፤ ለዚህ የሚሆን ሥልጠና የተሰጣት አይመስለኝም።

እማማ ዝም ብለው አልቀሩም። «የኔንም ድርሻ ለእሳቸው ስጫቸው ልጄ፤ እስኪነጋ ይደርሱበታል» አሉ። ሀጂ አንድ ጉርሻ ቀመሱና ፊታቸው አልፈታ አለ። «ጨው የለውም እቴ።» እማማ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ፤ በጨርቅ ቋጠሮ የታሰረች ነገር አወጡ፤ ፈቷት። ሚጥሚጣ። ኦምሌቱ ላይ ነሰነሱት። ሀጂ ሁለተኛ ጎረሱ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ «አልሐምዱሊላህ! አሁን ምግብ ሆነ» አሉ። ጀርመኖቹ የግፊት ክፍል ገንብተው የደረሱበትን እማማ ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩን። ሽታው ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «እማማ፣ ተርፏል?» አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። ቋጠሮዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ስትመለስ ባዶ ነበረች፤ ያለ ምንም ሼፍ ያ የአውሮፕላኑ ክፍል ቁርስ ቤት ሆኖ ነበር። «አነሰች» ይላል አንዱ፣ «ለእኔ ሳትደርስ» ይላል ሌላው፣ አስተናጋጇም «እባካችሁ ቀበቷችሁን» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው፤ የበረራ ቁርስ ሬስቶራንት እንዲመስል የሚፈልግ ኩባንያ ሼፍ ከሚቀጥር የአገር አቋራጭ ረዳት ይቅጠር። የመካነ ሰላም–ደሴ መኪና ረዳት ሙሉ ሙያ ነው። ሻንጣ ይጭናል፣ በግ ጣሪያ ላይ ያስራል፣ የታመመ ያስቀድማል፣ ለሚያስመልሰው ፌስታል ያድላል፤ ይህን ሁሉ እየሠራ ማን ጠዋት ሳይበላ እንደወጣ ከፊቱ ያነባል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ የወጣ መኪና አቀስታ ሲደርስ በሩን በመዳፉ ሁለቴ መታ አድርጎ «ቁርስ! ሃያ ደቂቃ!» ይላል። ሃያ ደቂቃ ማለት አርባ ነው። ሾፌሩ ጥብሱን ሳይጨርስ መኪና እንደማይንቀሳቀስ ሁሉም ስለሚያውቅ ተሳፋሪው ሰዓቱን አያይም፤ የሾፌሩን ሳህን ነው የሚያየው።

በቅርቡ እዚያው አቀስታ አንድ ከውጭ የመጣ ወንድማችን አብሮን ነበር፤ ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ቦሌ የሚመለስ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባለቤቷ ጋቢዋን ደርባ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ኦምሌት አለ?» አላት።

«እንቁላል አለ።»

«ኦምሌት ማለቴ ነው፤ የማይፈረፈረው።»

«ያው እኮ ነው ጋሼ። ሳልነካው እተወዋለሁ።»

ሳትነካው ተወችው። ቆንጆ ሆኖ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቡናማ፣ ከመጥበሻው እየተንጣጣ መጣ። አንድ ጊዜ ጎርሶ ሳያበቃ ሾፌሩ አፉን ጠረገና ተነሳ። «ተሳፋሪ! ተሳፋሪ እንሂድ!» ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። ባለቤቷም አልተጨነቀችም፤ ዳቦ ሰንጥቃ እንቁላሉን ከተተችበት፣ በወረቀት ጠቀለለችው፣ ቃሪያ በጎን ሰካች፣ በመስኮት አቀበለችው። ሒሳቡንም በመስኮት ተቀበለች።

መኪናው የጉጉፍቱን ዳገት ሲይዝ ጥቅልሉን ፈታ። ደመናው ከመንገዱ በታች ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። አውሮፕላን ብንሆን ኖሮ ደወሉ ይጮኽ ነበር። ሰው መሀል ነውና እንዴት ብቻውን ይብላ፤ «እንብላ» አለ፣ እንደ ወጉ፣ ማንም እሺ እንደማይለው ተማምኖ። ከጎኑ የተቀመጡት አባት ግን እሺ አሉ። ግማሹን ቆርሰው ወሰዱ። ከኋላ ያለችው ልጅ እጇን ዘረጋች። ረዳቱ መጥቶ «ይህን ለእኔ?» ብሎ የዳቦውን ጫፍ አነሳ። ለባለቤቱ የቀረው ወረቀቱና ጥቂት ፍርፋሪ ነው፤ እሱንም እየለቀመ ሳለ አባትዬው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ እሱ ዘወር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ ስታዝ ቃሪያ ጨምሪበት በላት።»